ምጣዱ ሲበራ ቤቱ ይጨልማል

ባለፈው ሳምንት የጀመርኩትን የኤርፖርት ታክሲ ሰልፍ ወሬ ዛሬ እቋጨዋለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ነበር። ቃሌን ስላጠፍኩ ይቅርታ። ሰሞኑን እኔን የያዘኝ ሌላ ጣጣ ነው፤ የቤዝመንቴ የመብራት ጣጣ። በጋዜጣ የሚወጣ ጉዳይ ነው ብዬ አላሰብኩም ነበር። ነገር ግን ወደ ኋላ ላይ እንደምትረዱት ነገሩ የእኔ ቤት ብቻ ሆኖ አልቀረም። ይህንን ከምታነቡት መካከል የአንዳንዶቻችሁ ቤት ግድግዳ ውስጥም ዛሬ ይኸው ነገር አድፍጦ ተቀምጦ ይሆናል።

ቤዝመንት ስል ፈገግ ያላችሁ ትኖራላችሁ። ከመካከላችን የአሜሪካን ኑሮ በሰው ቤዝመንት ያልጀመረ ስንቱ ነው? ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፎ፣ ከበላዩ የባለቤቶቹን ኮቴ እየቆጠረ፣ ጣሪያው ሥር ካለችው ጠባብ መስኮት የመኪና ጎማ ሲያልፍ እያየ ያልከረመ ካለ ይቅረብና ይመስክር። ቀን ሲወጣልን ደግሞ እኛው ባለቤት እንሆንና ቤዝመንቱ ምጣድ ቤት፣ የዕቁብ አዳራሽ፣ የአገር ቤት እንግዳ ማረፊያና የማይጣል ዕቃ መጋዘን ይሆናል። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ያለው የእኔ ቤት የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። እኔ የገዛሁት በ2004 ነው። በ1961 ያንን ቤት የሠራው ሰው ቤዝመንቱን ያሰበው ለልብስ ማጠቢያ ነው እንጂ፣ አንድ ቀን ኢትዮጵያውያን መጥተው በአንድ ቅዳሜ ስድሳ እንጀራ ይጋግሩበታል ብሎ አይደለም። ለልብስ ማጠቢያው የራሱን መስመር ሰጥቶ፣ ለቀረው ክፍል ሁሉ አንዲት ባለ 15 አምፔር መስመር አውርዶ ሄደ። እሷም ብትሆን ደረጃው ላይ ያለውን አምፖልና የላይኛውን ኮሪደር ጨምራ ነው የምትመግበው። ለምን እንደሆነ እሱና ፈጣሪው ይወቁት።

የምጣዳችንን ነገር ላስቀድም። እዚህ አገር ብዙዎቻችን እንጀራ የምንጋግርበት ክቡ የኤሌክትሪክ ምጣድ መጀመሪያ ለእኛ የተሠራ አልነበረም። ኖርዌይ ዘር ያላቸው አሜሪካውያን ሌፍሴ የሚሉትን የድንች ቂጣቸውን እንዲጋግሩበት የወጣ ነው። ወርዱ 16 ኢንች ነው፤ በ120 ቮልት ይሠራል፤ ወደ 1500 ዋት ይበላል። የማንኛዋ ሴት ብልሃት እንደሆነ አላውቅም፣ እቃ ቤት ውስጥ አይታ “ይሄማ ምጣድ ነው” ያለችው ወገናችን ሐውልት ይገባታል። የአገር ቤቱ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ሌላ ነው። ወርዱ ስልሳ ሳንቲ ሜትር ያህል፣ የሚበላውም በ220 ቮልት 3500 ዋትና ከዚያ በላይ ነው። አንዲት ወዳጃችን ያንን በካርጎ አስመጥታ እዚህ ሶኬት ላይ ሰካችው። በ120 ቮልት የሚሰጠው ሙቀት ከሲሶው አይበልጥም፤ አንድ ሺህ ዋት ቢሆን ነው። እንጀራው ዓይን የሌለው፣ ከምጣዱ ጋር የተማማለ ሆኖ ቀረ። ምጣዱ አልተበላሸም፤ አገሩን ነው ያጣው።

ሒሳቡ ቀላል ነው፣ ጎበዝ አትሽሹ። ዋቱን ለቮልቱ ስታካፍሉት አምፔሩን ታገኛላችሁ። 1500 ለ120 ሲካፈል 12 ተኩል ነው። ባለ 15 አምፔር መስመር 12 ተኩሉን ይችላል ትሉ ይሆናል። ይችላል፣ ለአጭር ጊዜ። የአገሩ የኤሌክትሪክ ደንብ ግን ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚቆይ ጭነት መስመሩን ሲያሰናዱ ከመቶ ሰማንያ እጁን ብቻ እንዲያስቡ ያዝዛል። የ15 አምፔር ሰማንያ እጅ 12 ነው። እውነት ነው ምጣዱ ሙቀቱን ሲያገኝ በራሱ እየጠፋ እየበራ ነው የሚሠራው። ቢሆንም የልቅሶ ቤት እንጀራ አምስት ሰዓት ሲጋገር አስቡት። ምጣዱ ብቻውን መስመሩን አፍ እስከ ገደፉ ሞልቶታል፤ ለስልክ ቻርጅ እንኳ የተረፈ የለም።

እንደዚያም ሆኖ ዓመታት ኖርንበት። ባለቤቴ ስትጋግር ሌላ ነገር እንዳይሰካ ልጆቹ ሳይቀሩ አውቀውታል። ችግሩ የመጣው በታኅሣሥ 2024 የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ሲመጣልን ነው። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጨዋ፣ አፉ የታሰረ ልጅ። ያው እንደ ወጉ ቤዝመንት አስገባነው። ብርዱ ደግሞ የዚያን ሰሞን ሌላ ነበር። ለልጁ ከሱቅ ትንሽ ማሞቂያ ገዛሁለት። ማሞቂያው ምን ያህል ይበላል? 1500 ዋት። ከምጣዱ ጋር መንታ ነው። ሁለቱ ባንድነት 25 አምፔር ይጠይቃሉ፤ ያቺ የ1961 መስመር 15 ነው የተመደበላት።

የመጀመሪያዋ ቅዳሜ ምጣዱ ግሎ ሊጡ ሊፈስ ሲል ድርግም! ቤዝመንቱም፣ ደረጃውም፣ ኮሪደሩም ጨለመ። ባለቤቴ ከታች “አንተ ሰውዬ!” ትላለች። እኔ ባትሪ ይዤ በጨለማው ደረጃ እየዳበስኩ እወርዳለሁ። የብሬከሩ ሳጥን ያለው ልብስ ማጠቢያው ጋ፣ ከሊጥ ባልዲዎቹ ጀርባ ነው። በነገራችን ላይ ይህም ጥፋት ነው። ከሳጥኑ ፊት ሦስት ጫማ ያህል ባዶ ቦታ እንዲኖር ደንቡ ያዛል። እኔ ጋ የነበረው ሁለት ባልዲ ሊጥ፣ የበርበሬ ከረጢትና አንድ የማይሠራ ብስክሌት ነው። ብሬከሩን መልሼ እሰቅለዋለሁ፤ ሁለት ደቂቃ ሳይቆይ ይወርዳል። እንዲህ ስንል ሦስት ቅዳሜ አለፈ። ልጁ ምጣድ ሲጣድ ማሞቂያውን አጥፍቶ ጃኬቱን ለብሶ ይቀመጥ ጀመር። ባለቤቴ አንጀቷ አልቻለም። “የሰው ልጅ በብርድ ከሚሞት እንጀራው ይቅር” አለች። እንጀራ ይቅር ሲባል ደግሞ እኔ አልቻልኩም።

እዚህ ላይ ነው ወዳጄ የሚገባው። ስሙን አልጠራም፤ አብረን ታክሲ የነዳን፣ ክፉ ቀን ያሳለፍን ሰው ነው። አገር ቤት ሬዲዮ ይጠግን ነበር። እጁ የነካው ነገር ሁሉ ይሠራል የሚባልለት ነው። መጥቶ ሳጥኑን ከፈተና ሳቀብኝ። “ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ምንም ነገር አይደለም። ብሬከርህ ትንሽ ስለሆነ ነው። በትልቅ እንቀይረዋለን” አለኝ። አብረን ሱቅ ሄድን። ባለ 30 አምፔሩን መደርደሪያው ላይ አሳየኝ። የከፈልኩት እኔ ነኝ፤ ካርዴን አውጥቼ፣ ደስ ብሎኝ። በአሥር ደቂቃ ቀየረው። ምጣዱም ማሞቂያውም አንድ ላይ በሩ። ባለቤቴ እልል አለች። እኔ ቢራ ከፈትኩ። እነሆ ሊቅ አልኩት።

አገር ቤት ምን እናደርግ እንደነበር ታስታውሳላችሁ? ፊውዝ ሲቃጠል አዲስ ከመግዛት ከሽቦ አንድ ሁለት ክር መዘን እንጠመጥምበት ነበር። አንድ ክር ቶሎ ከተቃጠለ ሦስት እናደርገዋለን። በረታ! እንል ነበር። የጥንት አሜሪካውያንም ከኛ አይሻሉም፤ ከተቃጠለው ፊውዝ ሥር የአንድ ሳንቲም መዳብ ይሸጉጡ እንደነበር ሽማግሌዎቻቸው ይናገራሉ። ወዳጄ ያደረገው ያንኑ ነው፤ ብቻ እቃው አዲስና የሚያምር ሆነ።

በጥር መጨረሻ አንድ የምናውቃቸው እናት አረፉና ባለቤቴ የልቅሶ እንጀራ ተራ ደረሳት። ከቀኑ ስምንት ሰዓት የጀመረች እስከ ሌሊቱ ድረስ ምጣዱ አልበረደም። ማሞቂያውም ልጁ አልጋ አጠገብ እንደበራ ነው። ወደ አራት ሰዓት ገደማ ባለቤቴ ከታች ተጣራች፤ “ማነው በዚህ ሰዓት ዓሣ የሚጠብሰው?” ማንም ዓሣ አልጠበሰም። ቤታችን ውስጥ ዓሣ የሚባል ነገር አልነበረም። ወረድኩ። እውነትም የዓሣ ሽታ ነው፤ የከረመ ዓሣ። አብሲቱ ይሆን ብዬ ሊጡን አሸተትኩ። ልጁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ መጽሐፍ ይዟል፤ ቀና ብሎ አየኝና ወደ ግድግዳው በዓይኑ ጠቆመኝ።

ማሞቂያው የተሰካበት ሶኬት ነጭ ነበር። አሁን እንደ ተቃጠለ ዳቦ ቡናማ ሆኗል። እጄን አስጠጋሁ፤ አልነካውም፣ ሙቀቱ ከሩቅ ይጋረፋል። ሮጬ ባልዲውን ዘልዬ ዋናውን ማጥፊያ አወረድኩት። ቤቱ በሙሉ ጨለመ። በባትሪ መብራት ግድግዳውን በመዳፌ ስዳብስ ከሶኬቱ በላይ ሁለት ጫማ ያህል ከፍታ ድረስ ሞቋል። ሽቦው የሚያልፍበት ነው።

“መቼ ነው የጀመረው?” አልኩት ልጁን።

“ከመጣ ሁለት ሳምንት ይሆነዋል፣ ጋሼ። መሞቁን አይቼ ነበር።”

“ታዲያ ለምን አትነግረኝም?”

“የአሜሪካ ሶኬት እንደዚያ መስሎኝ ነው። ደግሞ ብዙ አስቸገርኳችሁ ብዬ…”

ከዚያ ወዲያ የተናገርኩት የለም። የተኛበት ራስጌ ከዚያ ሶኬት ሦስት ስንዝር አይርቅም።

በማግስቱ የጠራሁት ሰው በአገር ቤት መብራት ኃይል የሠራ፣ እዚህ መጥቶ እንደገና ተምሮ ተፈትኖ የማስተር ኤሌክትሪሺያን ላይሰንስ ያወጣ የእኛው ሰው ነው። የሳጥኑን ክዳን ፈትቶ ገና አንድ ዓይኑን ጣል እንዳደረገ ዞር አለና፤

“ይህን ብሬከር ማን ነው የቀየረው?” አለ።

“አንድ ወዳጄ ነው” አልኩ።

“የገዛው እሱ ነው” አለች ባለቤቴ በእኔ ላይ እየጠቆመች። ሃያ ዓመት አብረን ኖረን እንዲህ ነው የምትተባበረኝ።

ሰውየው አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ከጠረጴዛው ላይ ቁራጭ ሽቦ አንሥቶ አስተማረኝ፤ እኔም ለእናንተ ላስተላልፍ። ብሬከር ለምጣዱ ወይም ለማሞቂያው የቆመ አይደለም። የሽቦው ዘበኛ ነው። ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ከሚችለው በላይ ኮረንቲ ሲያልፍበት ይግላል፤ ዘበኛው ያንን አይቶ በሩን ይዘጋል። የእኔ ሽቦ 14 ቁጥር መዳብ ነው፤ እሱ የሚሄደው ከባለ 15 አምፔር ብሬከር ጋር ብቻ ነው። ባለ 20 ሲሆን 12 ቁጥር፣ ባለ 30 ሲሆን 10 ቁጥር ይጠይቃል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሽቦው ይወፍራል፤ የአሜሪካን ነገር ታውቁታላችሁ። እኔና ወዳጄ ያደረግነው ነቅቶ የሚጠብቀውን ዘበኛ አባርረን በቦታው እንቅልፋም መቅጠር ነው። 25 አምፔር በዚያ ቀጭን ሽቦ ሲጋልብ ባለ 30ው ብሬከር ምንም አልታየውም፤ ትክክል ነው ብሎ ተኝቷል። ብሬከሩ እንቢ ሲል ፊውዝ የሚሆነው ሽቦው ራሱ ነው፤ ሽቦው የተኛው ደግሞ በደረቅ እንጨት መካከል ነው።

ሌላም ነገር አወጣ። የ1961 ሽቦ የመሬት መስመር የለውም። ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት ሁለት ቀዳዳ የነበሩትን ሶኬቶች አውጥቶ ባለ ሦስት ቀዳዳ አድርጓል፤ ሦስተኛው ቀዳዳ ግን ከኋላው ምንም አልተያያዘም። ለዓይን ብቻ። ይህን ሲል ባለቤቴ ቀስ ብላ፤ “እጄ እርጥብ ሲሆን ምጣዱ ይነዝረኛል ስል ምን ነበር የምትለኝ?” አለች። ሐሳብሽ ነው ነበር የምላት። ዓመታት እንደዚያ ብያታለሁ። ይህንን የምጽፈው እሷ ጻፈው ስላለችኝ ነው።

አንድ ነገር አመለጥኩ። የአሉሚኒየም ሽቦ ይኖር እንደሆነ አየ፤ አልነበረም። ከ1965 እስከ 1973 ገደማ በተሠሩ ቤቶች መዳብ ተወድዶ ስለነበር ለሶኬትና ለመብራት መስመር አሉሚኒየም የገባባቸው አሉ። አሉሚኒየም ሲሞቅና ሲበርድ እየተለጠጠ እየተኮማተረ ማያያዣው ላይ ይላላል። ከ1972 በፊት በተሠራ አሉሚኒየም የተዘረጋ ቤት፣ ማያያዣው ለእሳት እስከሚያሰጋ ድረስ የመጋል ዕድሉ ከመዳብ ቤት በ55 እጥፍ እንደሚበልጥ የፌዴራሉ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን አስታውቋል። ቤታችሁ የእነዚያ ዓመታት ከሆነ ሰው አምጥታችሁ አሳዩ፤ ራሳችሁ አትነካኩ።

ወደ እኔ ጉዳይ ልመለስ። ትልቁ ፍርሃቴ ገንዘብ ነበር። ከዚህ በፊት አንድ ሌላ ኮንትራክተር ጠይቄ፣ ሳጥኑን እንኳ ሳይከፍት “200 አምፔር ካላስገባህ አይሆንም” ብሎ ያወጣልኝ ዋጋ ወንበር ላይ አስቀምጦኝ ነበር። የእኛ ሰው ግን ወረቀት አወጣና ቤቱን መዘነው። የወለሉ ስፋት ስንት ነው፣ ማድረቂያው በምን ይሠራል፣ ምድጃው ጋዝ ነው ወይስ ኤሌክትሪክ፣ ኤር ኮንዲሽኑ ስንት ይበላል እያለ ጠየቀ። የቤቱ ማሞቂያ፣ የውኃ ማሞቂያውና ምድጃው ጋዝ በመሆናቸው ሁሉ ተደምሮ በደንቡ ሲሰላ 73 አምፔር አካባቢ መጣ። ሳጥኔ ባለ 100 ነው። የሚበቃ ኃይል አለ፤ የጠፋው ቦታ ነው። የብሬከሩ ማስቀመጫ ሁሉ ሞልቷል። ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች መሆናቸውን ያን ቀን ገና ተማርኩ። ምድጃውም የውኃ ማሞቂያውም በኤሌክትሪክ ቢሆኑ ኖሮ መልሱ ሌላ ነበር። በድሮ ቤቶች የሚገኘው ባለ 60 አምፔር የፊውዝ ሳጥን ቢሆንም እንዲሁ።

ያደረገው እንዲህ ነው። ከዋናው ሳጥን ሁለት መስመሮችን አንሥቶ ባዶ ባደረገው ቦታ ባለ 50 አምፔር ድርብ ብሬከር አስገባ። ከዚያ በ6 ቁጥር መዳብ ቤዝመንት ክፍሉ አጠገብ ወዳለ አዲስ ትንሽ ሳጥን ወሰደው፤ ያነሣቸውን ሁለቱንም እዚያው አስገባቸው። ወደ ትንሹ ሳጥን የሚሄዱት ሽቦዎች አራት ናቸው። ሁለቱ ኮረንቲ ያለባቸው ናቸው፤ በሁለቱ መካከል 240፣ እያንዳንዳቸው ከኒውትራሉ ጋር 120 ቮልት ይሰጣሉ። ሦስተኛው ኒውትራል፣ አራተኛው የመሬት ሽቦ ነው። በትንሹ ሳጥን ውስጥ ኒውትራልና የመሬቱ ፈጽሞ እንዳይገናኙ አጥብቆ ነገረኝ። የሚገናኙት መጀመሪያ ኮረንቲው ቤት በሚገባበት በዋናው ቦታ ብቻ ነው። በትንሹ ሳጥን ላይ ከተገናኙ ተመላሹ ኮረንቲ የሳጥኑን ብረትና የመሬት ሽቦውን መንገድ አድርጎ ይጓዛል፤ ማንም ሊነካው የሚችል ብረት ማለት ነው። እጁ ብልህ የሆነ ሰው ሁሉ የሚሳሳታት ቦታ ይህች ናት አለኝ። ደግሞም ዋናውን ማጥፊያ ብታወርዱም ከቆጣሪው ወደ ሳጥኑ የሚገቡት ሁለቱ ወፋፍራም ሽቦዎች ኮረንቲያቸው አይጠፋም። ወዳጄ በዊንጭ ሲጎረጉር አጠገቡ ምን እንደነበረ ሳስበው አሁንም ይዘገንነኛል።

ከአዲሱ ሳጥን ለምጣዱ ብቻውን ባለ 20 አምፔር መስመር በ12 ቁጥር ተሰጠው። ማሞቂያው ተጣለ፤ በምትኩ ግድግዳው ግርጌ በ240 ቮልት የሚሠራ ተተከለ። ያው 1500 ዋት ነው፤ ነገር ግን በ240 ሲሆን የሚወስደው ከስድስት አምፔር እምብዛም አያልፍም። የክፍሉ ሶኬቶች በሌላ፣ አምፖሎቹ በሌላ። አንዱ ቢወርድ ሌላው ስለሚበራ በጨለማ ደረጃ መዳበስ ቀረ። የካውንቲው ፐርሚት ወጥቶ፣ ኢንስፔክተሩ አንድ ጊዜ ግድግዳው ሳይዘጋ፣ አንድ ጊዜ ከተጠናቀቀ በኋላ መጥቶ አይቶታል። ጠቅላላው 3400 ዶላር ወጣብኝ። ዕቁቤን ቀድሜ እንድወስድ የፈቀዱልኝን አባላት እዚህ ላይ አመሰግናለሁ።

ሥራው ባለቀ ቀን ምጣዱ ተሰካ። ቅጭል! ወዲያው ጠፋ። እንደገና፤ ቅጭል። እኔ ደሜ ፈላ፤ ይህን ሁሉ ገንዘብ አፍስሼ! ሰውየው ግን ሳቀ። አዲሱ የምጣድ ሶኬት ጂ.ኤፍ.ሲ.አይ. የሚሉት ነው፤ የወጣው ኮረንቲ ሙሉውን በመንገዱ ካልተመለሰ፣ አምስት ሚሊ አምፔር ያህል እንኳ ወደ ሌላ ከሾለከ በቅጽበት ያጠፋል። የአገሩ የኤሌክትሪክ ደንብ በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል፤ በ2020 እትሙ ቤዝመንት ሁሉ፣ የተጠናቀቀም ያልተጠናቀቀም፣ ይህ ጥበቃ እንዲኖረው ጠይቋል። “ሶኬቱ አልተበላሸም፤ ምጣዱ ነው የሚያፈስሰው” አለ። ውስጡ እርጥበት ገብቶ ኮረንቲው ወደ አካሉ ይሾልካል። መሬት ሽቦ በሌለው ሶኬት ላይ መውጫው ባለቤቴ ነበረች። ምጣዱን አውጥቼ ስጥል እሷ በረንዳ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። አንድ ቃል አልተናገረችም።

ሰውየው ዕቃውን ሰብስቦ ሊወጣ ሲል፤ “እዚህ የሚተኛ ሰው አለ?” አለኝ። አለ አልኩት። ያችን ጠባብ መስኮት አየ። መኝታ የሚባል ቤዝመንት ሰው የሚያሾልክ መስኮት ወይም ወደ ውጭ የሚወስድ በር ያስፈልገዋል፤ መስኮቱ ሲከፈት ክፍተቱ 5.7 ስኩዌር ፊት፣ ከወለሉ እስከ ደፉ ያለው ከፍታ ከ44 ኢንች ያልበለጠ መሆን አለበት። የእኔዋ መስኮት ድመትም በግድ ነው የምታሾልክ። ያን ሌሊት ሶኬቱ እሳት ቢያነሣ ልጁ የሚወጣበት መንገድ በአንዲቱ ደረጃ ብቻ ነበር፤ ደረጃው ደግሞ በምጣዱና በሳጥኑ በኩል ነው የሚያልፈው። መስኮቱን ለማስፋት የግንብ መቁረጡ ዋጋ ከመብራቱ እጥፍ ሆነብኝ። ስለዚህ ልጁ ወደ ላይ ወጥቶ እኔ ይህንን ዓምድ የምጽፍባትን ክፍል ያዘ። እኔ ወረድኩ። አሁን የምጽፍላችሁ ከምጣዱ አጠገብ ሆኜ ነው፤ ወረቀቱ ላይ የእርሾ ሽታ ካለ ከዚያ ነው።

ወሬው እዚህ ያልቃል ብዬ ነበር። በመጋቢት ወዳጄ ሊጠይቀኝ መጣ። አዲሱን ሳጥን አሳየሁትና ነገሩን ሁሉ አጫወትኩት፤ ሶኬቱንም አስቀምጬው ስለነበር አወጣሁለት። በእጁ ይዞ አገላበጠው። ቡናውን አልጨረሰም። “ሌላም ቤት ቀይሬያለሁ” አለ።

“ስንት?”

በጣቱ ቆጠረ። ከእኔ ሌላ አራት። ሁሉም ቤዝመንት፣ ሁሉም ምጣድ ነው። አንዱንም ብር አልተቀበለበትም፤ ለወገን ብሎ ነው።

እሑድ ዕለት አብረን ወጣን። እሱ በሩን ያንኳኳል፣ እኔ ሶኬቱን አሳያለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሰዎች እንደ እኛ ፈጣሪን አመስግነው የዚያኑ ቀን ወደ ትንሹ ብሬከር መለሱት፤ ምጣድና ማሞቂያ ተራ ይጠብቃሉ። ሁለተኛው ቤት ሽቦው አዲስ 10 ቁጥር ነበር፤ የሽቦውስ ችግር የለውም፣ ሶኬቱን ግን ኤሌክትሪሺያን ይየው ብለን ወጣን። ሦስተኛው ባለቤት ተቆጣን፤ “ሁለት ዓመት ሠርቶልኝ አሁን አትንካ ትሉኛላችሁ?” አለን። ሚስቱ ግን ወደ በሩ ተከትላን መጥታ የኤሌክትሪሺያኑን ስልክ ወሰደች።

የአራተኛው ቤት ሰዎች ሸጠው ወደ ዳላስ ተዛውረዋል። የገዙትን አናውቃቸውም። በሩን ሁለት ጊዜ አንኳኳን፤ ከውስጥ የሕፃን ልጅ ድምፅ ይሰማል፣ የከፈተልን ግን የለም። እኔ በእንግሊዝኛ፣ እሱ ባለችው ስፓኒሽ ደብዳቤ ጻፍንና ብሬከሩ የትኛው እንደሆነ ሥዕል አድርገን፣ የሁለታችንንም ስልክ አስፍረን በበሩ ሥር አስገባን። ሁለት ሳምንት ሆነው። በሚቀጥለው እሑድ እንደገና እንሄዳለን።